ድረ ገጹ ሲዘጋ መዝገቡ የት ይገኛል?

እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2025 መጨረሻ የምሥራቅ አፍሪካን የምግብ ዋስትና ሁኔታ የሚከታተሉ ባለሙያዎች፣ ፊውስ ኔት በሚል አጭር ስሙ የሚታወቀውን የረሃብ ቅድመ ማስጠንቀቂያ መረብ ድረ ገጽ እንደ ወትሯቸው ለመክፈት ሲሞክሩ ገጹ አልከፈት አላቸው፡፡ አዲሱ የአሜሪካ አስተዳደር የውጭ ዕርዳታ ለጊዜው እንዲቆም ባዘዘ በቀናት ውስጥ የሆነ ነገር ነው፡፡ ፌብሩዋሪ 1 ቀን ደግሞ የተቋሙ ዋና ገንዘብ ሰጪ የነበረው የአሜሪካ ዓለም አቀፍ ልማት ተራድኦ ድርጅት የራሱ ድረ ገጽም ጠፋ፡፡ ጉዳዩ ለእኛ ሩቅ አይደለም፡፡ ፊውስ ኔት እ.ኤ.አ. በ1985 ሲቋቋም ዋነኛው ምክንያት በ1977 ዓ.ም. በአገራችን የደረሰው ረሃብ ነበር፡፡ ዓለም ዳግመኛ «አላወቅንም» እንዳይል ተብሎ የተሠራ የመረጃ ቋት፣ አርባ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ወራት ሲቀሩት በአንድ ትዕዛዝ ከሕዝብ ዓይን ተሰወረ፡፡

የፊውስ ኔት ገጽ ከወራት በኋላ ተመልሶ ተከፍቷል፡፡ ይሁንና በመካከሉ የነበረው ጊዜ አንድ ጥያቄ ትቶ አልፏል፡፡ ድረ ገጽ ስንል የምናየው ፊት ለፊቱን ነው፤ ከጀርባው ያሉት ጽሑፎች፣ ሠንጠረዦችና ካርታዎች የት ነው የተቀመጡት? በማን እጅ? ቅጂ ያለው ማን ነው?

በዚያው ሰሞን የሆነ ሌላ ክስተት ጥያቄውን ከተቃራኒው አቅጣጫ ያሳየናል፡፡ ኤይቲን ኤፍ የሚባለው የአሜሪካ መንግሥት የዲጂታል አገልግሎት ቡድን እ.ኤ.አ. በ2014 የተቋቋመ ሲሆን፣ ማርች 1 ቀን 2025 ሠራተኞቹ እንዲሰናበቱ ተደርጎ ድረ ገጹም ተዘጋ፡፡ ቡድኑ ግን ከመጀመሪያው ጀምሮ አንድ ልማድ ነበረው፡፡ ለመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ያዘጋጃቸውን የግዥ፣ የንድፍና የአጻጻፍ መመሪያዎች ሁሉ ማንም ሊቀዳው በሚችል የጋራ ማኅደር ውስጥ፣ በተራ የጽሑፍ ፋይል መልክ ያስቀምጥ ነበር፡፡ በመሆኑም ድረ ገጹ ሲዘጋ ይዘቱ አልጠፋም፡፡ ቅጂው በብዙ ሰዎች ኮምፒዩተር ላይ ተቀምጦ ነበርና የተሰናበቱት ባልደረቦች መመሪያዎቹን በሌላ አድራሻ ለሕዝብ መልሰው አወጧቸው፡፡

ሁለቱን ተቋማት የለያቸው ገንዘብ አይደለም፤ የባለሙያ ብቃትም አይደለም፡፡ የፋይል አቀማመጥ ነው፡፡

መዝገብ ቤት በአዲስ መልክ

በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሠራ ሰው መዝገብ ቤት ምን እንደሆነ ያውቃል፡፡ ደብዳቤ ይገባል፣ ቁጥር ይሰጠዋል፣ በፋይሉ ውስጥ በተራው ይታሰራል፡፡ ጥሩ መዝገብ ቤት ያለው መሥሪያ ቤት ኃላፊው ቢቀየርም ሥራው ይቀጥላል፡፡ መጥፎ መዝገብ ቤት ያለው ግን «እሱ ፋይል እገሌ ጋር ነው» ይላል፤ እገሌ ደግሞ ለሥልጠና ወጥቷል፡፡

አብዛኛው የአገራችን ድረ ገጽ ያለበት ሁኔታ ሁለተኛው ነው፡፡ ጁምላም ይሁን ዎርድፕሬስ፣ ጽሑፉ የሚቀመጠው በአንድ ሰርቨር ላይ ባለ አንድ ዳታቤዝ ውስጥ ነው፡፡ የይለፍ ቃሉ በአንድ የአይሲቲ ባለሙያ፣ ብዙ ጊዜም ድረ ገጹን በጨረታ አሸንፎ በሠራው ድርጅት እጅ ይሆናል፡፡ አንድ ገጽ ሲስተካከል የቀድሞው ጽሑፍ ይደመሰሳል፤ ወይም በዳታቤዙ ሆድ ውስጥ ተቀብሮ ከአስተዳዳሪው በቀር ማንም አያየውም፡፡ የኪራይ ክፍያው የተቋረጠ ዕለት ሁሉም አብሮ ይሄዳል፡፡

የጋራ ማኅደር ወይም ባለሙያዎቹ እንደሚሉት ሪፖዚተሪ የሚባለው አሠራር ይህንን ይገለብጠዋል፡፡ ሥራውን የሚያከናውነው ጊት የተባለው ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2005 የሊኑክስ ፈጣሪ በሆነው ሊነስ ቶርቫልድስ የተጻፈ ነው፡፡ መጀመሪያ የታሰበው ለፕሮግራም ጸሐፊዎች ነበር፡፡ ውሎ አድሮ ግን ለጽሑፍም እንደሚያገለግል ታወቀ፡፡ እያንዳንዱ ገጽ አንድ የጽሑፍ ፋይል ይሆናል፡፡ በፋይሉ አናት ላይ ርዕሱ፣ ቀኑና የጉዳዩ ዓይነት በጥቂት መስመሮች ይሰፍራሉ፤ ከሥሩ ጽሑፉ ይከተላል፡፡ ፋይሎቹ በፎልደር ተደራጅተው ይቀመጣሉ፡፡ ድረ ገጹ ከእነዚህ ፋይሎች በየጊዜው የሚታተም ውጤት እንጂ ራሱን የቻለ ዕቃ አይደለም፡፡ ቢጠፋ እንደገና ይታተማል፡፡

ዋናው ቁም ነገር ግን ታሪኩ ነው፡፡ ማን፣ መቼ፣ የትኛውን መስመር፣ በምን ምክንያት እንደለወጠ ይመዘገባል፡፡ ማኅደሩን የቀዳ ሰው የዛሬውን ጽሑፍ ብቻ ሳይሆን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያለውን ለውጥ ሁሉ አብሮ ይወስዳል፡፡ እያንዳንዱ ለውጥ ከይዘቱና ከቀደመው ታሪክ በስሌት የሚወጣ መለያ ቁጥር ስላለው፣ አንድ ሰው የቆየ ሰነድ ውስጥ ሹልክ ብሎ ገብቶ አንድ ቃል ቢቀይር ከዚያ በኋላ ያሉት መለያዎች ሁሉ ይለወጣሉ፡፡ ባለ ሥልጣኑ የራሱን ቅጂ ሊያበላሽ ይችላል፤ ቅጂ ያላቸው ሌሎች ግን ልዩነቱን ወዲያው ያዩታል፡፡

የአንድ ትልቅ ቤት ዝውውር

ይህ አሠራር ለትንንሽ ድረ ገጾች ብቻ ነው የሚል ካለ ኤምዲኤን የሚባለውን የድር ቴክኖሎጂ ማጣቀሻ ይመልከት፡፡ በአዲስ አበባም ሆነ በባንጋሎር ድረ ገጽ የሚሠራ ወጣት በየቀኑ የሚከፍተው ገጽ ነው፡፡ ባለቤቱ ሞዚላ ነው፡፡ ለአሥራ አምስት ዓመታት ያህል ማንም ገብቶ የሚያርመው ዊኪ ሆኖ ቆየ፤ ይዘቱም በዳታቤዝ ውስጥ ነበር፡፡ እ.ኤ.አ. በኦገስት 2020 ሞዚላ 250 ያህል ሠራተኞቹን አሰናበተ፡፡ በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ ከአሥር ሺሕ በላይ የሚሆኑት የእንግሊዝኛ ገጾች ከዳታቤዙ ወጥተው በጋራ ማኅደር ውስጥ ፋይል ሆኑ፡፡

አቀማመጡ ቀላል ነው፤ ግን የታሰበበት ነው፡፡ በመጀመሪያ ቋንቋ ይመጣል፤ ቀጥሎ የጉዳዩ ዘርፍ፣ ከዚያም ንዑስ ዘርፉ፡፡ እያንዳንዱ ገጽ የራሱ ፎልደር አለው፡፡ በፎልደሩ ውስጥ ጽሑፉና ለጽሑፉ የሚያስፈልጉት ሥዕሎች አብረው ይቀመጣሉ፡፡ ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፡፡ ሥዕሎችን ሁሉ በአንድ ትልቅ ፎልደር ውስጥ ያከማቸ ሰው ግን ከሦስት ዓመት በኋላ የትኛው ሥዕል የየትኛው ገጽ እንደሆነ አያውቀውም፤ ለማጥፋትም ይፈራል፡፡ የፎልደር ስሞች ሁሉ በትንንሽ የላቲን ፊደላት ይጻፋሉ፤ ዊንዶውስና ማክ ትልቁንና ትንሹን ፊደል እንደ አንድ ስለሚቆጥሩ ከሊኑክስ ጋር እንዳይጋጩ ነው፡፡ አንድ ገጽ ቦታ ሲለውጥ ደግሞ የድሮው አድራሻ ወደ አዲሱ እንዲመራ በአንድ የዝውውር መዝገብ ላይ ይጻፋል፡፡ ያለዚህ መዝገብ ገጽ ማንቀሳቀስ ክልክል ነው ማለት ይቻላል፡፡

በእኔ አመለካከት ከኤምዲኤን ልምድ ለእኛ ትልቁ ትምህርት የቋንቋው ጉዳይ ነው፡፡ በዊኪው ዘመን ትርጉሞች በብዙ ቋንቋዎች ነበሩ፡፡ አብዛኞቹ ግን ተጀምረው የተተዉ፣ እንግሊዝኛው ሲታደስ እነሱ ባሉበት የቀሩ ነበሩ፡፡ በዝውውሩ ወቅት ትርጉሞቹ እንዳይነኩ ታገዱ፤ ተንከባካቢ የሌላቸው ቋንቋዎች ተነሱ፡፡ በኋላ ላይ ፈረንሳይኛ፣ ጃፓንኛ፣ ኮሪያኛ፣ ቻይንኛ፣ ሩሲያኛ፣ ስፓኒሽና የብራዚል ፖርቱጋልኛ የተመለሱት ኃላፊነት የሚወስድ የበጎ ፈቃደኞች ቡድን ስለቀረበላቸው ነው፡፡ ከዚያ ወዲህ አንድ ተርጓሚ በፋይሉ አናት ላይ ትርጉሙ ከየትኛው የእንግሊዝኛ ቅጂ እንደተሠራ መለያ ቁጥሩን መጻፍ ይችላል፡፡ እንግሊዝኛው ከዚያ በኋላ አሥር ጊዜ ተለውጦ ከሆነ ትርጉሙ ምን ያህል ወደኋላ እንደቀረ ማንም ማየት ይችላል ማለት ነው፡፡

የእኛ ቋንቋዎች፣ የእኛ ቁጥሮች

ፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ በአዋጅ ቁጥር 3/1987 ሲቋቋም በአማርኛና በእንግሊዝኛ እንዲወጣ፣ በሁለቱ መካከል ልዩነት ሲኖር የአማርኛው የበላይ እንዲሆን ተደንግጓል፡፡ ጋዜጣው ሁለቱን ቋንቋዎች ጎን ለጎን በሁለት ዓምድ ያትማቸዋል፡፡ ይህ የወረቀት አቀማመጥ አንድ ትልቅ ጥቅም አለው፡፡ ዓይን ከግራ ወደ ቀኝ ሲሻገር ልዩነቱን ይይዛል፡፡ ጠበቆች የትርጉም ስህተት የሚያገኙት በዚህ መንገድ ነው፡፡ ሁለቱን ቋንቋዎች በሁለት ፎልደር ስንለያያቸው ይህ ጥቅም ይጠፋል፤ በምትኩ የትርጉሙን መነሻ ቅጂ የሚጠቁም መለያ ካላስቀመጥን አንዱ ሲሻሻል ሌላው እንደሚረሳ የታወቀ ነው፡፡

ነገሩን የበለጠ የሚያከብደው ቋንቋዎቹ ሁለት ብቻ አለመሆናቸው ነው፡፡ የሚኒስትሮች ምክር ቤት በ2012 ዓ.ም. ባጸደቀው የቋንቋ ፖሊሲ አፋን ኦሮሞ፣ ትግርኛ፣ ሶማልኛና አፋርኛ ከአማርኛ ጋር የፌዴራል የሥራ ቋንቋ እንዲሆኑ ተወስኗል፡፡ ውሳኔው ወደ ድረ ገጽ ሲወርድ አምስት ፎልደር መክፈት ማለት ነው ብሎ የሚያስብ ሹም ካለ ተሳስቷል፡፡ ፎልደር መክፈት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው፡፡ የአፋርኛውን ፎልደር ማን ነው የሚጠብቀው? የአማርኛው መመሪያ በተለወጠ በስንት ቀን ውስጥ ይስተካከላል? ባዶ ፎልደር ከሌለ ፎልደር የከፋ ነው፤ ያረጀ መመሪያ የያዘ ፎልደር ደግሞ ከባዶውም ይብሳል፡፡

የፋይል ስም ራሱን የቻለ ራስ ምታት ነው፡፡ የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ከገባ ወዲህ ፋይልን በአማርኛ መሰየም ይቻላል፡፡ ይቻላል ማለት ግን ያለ ችግር ነው ማለት አይደለም፡፡ እያንዳንዱ ፊደል በተለመደው የዩቲኤፍ 8 አጻጻፍ ሦስት ባይት ይፈጃል፡፡ የፋይል ስም በሊኑክስ ከ255 ባይት ማለፍ ስለማይችል ከ85 ፊደል በላይ የሆነ ስም አይፈቀድም፡፡ የአዋጆቻችንን ርዕስ ርዝመት ለሚያውቅ ሰው ይህ ቀልድ አይደለም፡፡ አድራሻው በኢሜይል ሲላክ ደግሞ እያንዳንዱ ፊደል ብዙ ጊዜ ወደ ዘጠኝ ምልክቶች ይፈታል፤ «የገቢ ግብር አዋጅ» የሚለው ዘጠኝ ፊደል 81 ትርጉም አልባ ምልክቶች ይሆናል፡፡ ጊት ራሱ ካልተነገረው በቀር የአማርኛ ስሞችን በቁጥር ለውጦ ነው የሚያሳየው፡፡

በዚህ ላይ «ሕግ» እና «ህግ»፣ «ፀሐይ» እና «ጸሀይ» ለእኛ አንድ ቃል ናቸው፤ ለኮምፒዩተሩ ግን የማይተዋወቁ ስሞች ናቸው፡፡ ሁለት ሠራተኞች አንዱን ሰነድ በሁለት ሆሄ ቢያስቀምጡ ማኅደሩ ሁለት ሰነድ እንዳለው ያምናል፡፡

ይህ ሁሉ ግን ከቁጥሩ ጉዳይ ይቀላል፡፡ ስለ ገቢ ግብር የወጣውን አዋጅ እንውሰድ፡፡ በአማርኛ አዋጅ ቁጥር 979/2008 ይባላል፡፡ በእንግሊዝኛው ዓምድ ግን ያው አዋጅ 979/2016 ነው፡፡ የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ በአማርኛ 590/2000 ሲሆን በእንግሊዝኛ 590/2008 ነው፡፡ ስለዚህ «2008» የሚል ቁጥር ያየ ሰው የትኛውን አቆጣጠር እንደሚያነብ ካላወቀ በሁለት አዋጆች መካከል ያለው የስምንት ዓመት ልዩነት ይጠፋበታል፡፡ በቁጥሩ መካከል ያለው እዝባርም የራሱ ጣጣ አለው፤ ለኮምፒዩተር እዝባር ማለት «ከዚህ በኋላ ያለው በፎልደሩ ውስጥ ነው» ማለት ነው፡፡ 979/2008 ብለው ከጻፉለት 979 የሚባል ፎልደር ውስጥ 2008 የሚባል ፋይል ይፈልጋል፡፡ አንድም መሐንዲስ ሳይጠየቅ፣ አንድም ብር ሳይወጣ ሊወሰን የሚችለው የመጀመሪያው ነገር ይህ ነው፤ ዓመተ ምሕረቱ በየትኛው አቆጣጠር ቀድሞ እንደሚጻፍና በእዝባሩ ፈንታ ምን እንደሚገባ በአንድ ገጽ መመሪያ ማውጣት፡፡

ለምንድን ነው ይህን ያህል የምንጨቃጨቀው የሚል አንባቢ ሊኖር ይችላል፡፡ የደመወዝ ግብርን ይመልከት፡፡ በ979/2008 መሠረት ከግብር ነፃ የነበረው የወር ደመወዝ 600 ብር ነበር፡፡ በ2017 ዓ.ም. በወጣው ማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 1395 ይህ ወደ 2,000 ብር ከፍ ብሏል፡፡ ማሻሻያው እንደ ተለመደው «አንቀጽ ይህን ያህል ተሰርዞ በሚከተለው ተተክቷል» እያለ ይሄዳል፡፡ የድሮውንና አዲሱን አጣምሮ የሚያነብ ሰው በእጁ መለጠፍ አለበት፡፡ የሒሳብ ሠራተኛው የድሮውን ፒዲኤፍ በጉግል አግኝቶ ቢሠራበት ገጹ «ይህ ተሻሽሏል» አይለውም፡፡ የጋራ ማኅደር የተሠራው ልክ ለዚህ ዓይነቱ ሥራ ነው፤ ሕጉ አንድ ፋይል ይሆናል፣ ማሻሻያው በፋይሉ ላይ የተደረገ ለውጥ ሆኖ ይመዘገባል፣ የዛሬውንም ሆነ በ2010 ዓ.ም. በሥራ ላይ የነበረውን መልክ በአንድ ትዕዛዝ ማውጣት ይቻላል፡፡

ይህ የሕልም እንጀራ አይደለም፡፡ የዋሽንግተን ዲሲ ምክር ቤት የከተማውን ሕግ በዚህ መልክ በጋራ ማኅደር አስቀምጧል፡፡ እ.ኤ.አ. በ2018 አንድ ነዋሪ በሕጉ ጽሑፍ ውስጥ የፊደል ስህተት አግኝቶ እርማቱን በማኅደሩ በኩል አቀረበ፤ የምክር ቤቱ ሕግ ክፍልም መርምሮ ተቀበለው፡፡ ነዋሪው ሕግ አላወጣም፡፡ ኦፊሴላዊው ጽሑፍ ግን በእሱ ጥቆማ ተስተካከለ፡፡

ሚኒስቴሩ ሲፈርስ

የመንግሥት ድረ ገጾቻችን አንድ የጋራ ባሕርይ አላቸው፡፡ የተደራጁት በመዋቅር ነው፡፡ «ስለ እኛ»፣ «የሚኒስትሩ መልዕክት»፣ «ዳይሬክቶሬቶች» እያሉ ይወርዳሉ፡፡ ባለ ጉዳዩ የሚፈልገው ቅጽ በአንደኛው ዳይሬክቶሬት ሥር ተሸሽጎ ይገኛል፡፡ መዋቅሩ ሲለወጥ ታዲያ ድረ ገጹም አብሮ ይናጋል፡፡ የአስፈጻሚ አካላት ሥልጣንና ተግባር በአዋጅ ቁጥር 1097/2011፣ ቀጥሎም በአዋጅ ቁጥር 1263/2014 እንደገና ተደልድሏል፡፡ የመገናኛና ኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ሚኒስቴር ከሳይንስና ቴክኖሎጂ ጋር ተጣምሮ ኢኖቬሽንና ቴክኖሎጂ ሆነ፡፡ የሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር በ2011 ዓ.ም. ተወልዶ በ2014 ዓ.ም. ወደ ትምህርት ሚኒስቴር ተመለሰ፡፡ ሦስት ዓመት በኖረ መሥሪያ ቤት ስም የተከፈተ አድራሻ፣ በእሱ ላይ የወጡ መመሪያዎችና የምደባ ማስታወቂያዎች፣ እነሱን የጠቀሱ የማስተርስ ጽሑፎች ሁሉ ወራሽ ያስፈልጋቸዋል፡፡ ንብረትና ሠራተኛ ሲተላለፍ አዋጁ ውስጥ አንቀጽ አለው፡፡ ለድረ ገጽ ፋይሎች ግን ርክክብ የሚፈርም ንብረት ክፍል እስካሁን አላየሁም፡፡

መፍትሔው ፋይሎቹን በጉዳይ እንጂ በመሥሪያ ቤት አለማደራጀት ነው፡፡ የእንግሊዝ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2012 የሚኒስቴሮቹን ገጾች ወደ አንድ አድራሻ መሰብሰብ ሲጀምር የተከተለው ይህንኑ ነው፡፡ ፓስፖርት ፓስፖርት ነው፤ የትኛው መምሪያ እንደሚሰጠው የዜጋው ጉዳይ አይደለም፡፡ መሥሪያ ቤቱ በፋይሉ አናት ላይ በአንድ መስመር ቢጻፍ፣ ሚኒስቴሩ ሲለወጥ የሚለወጠው ያቺ መስመር ብቻ ትሆናለች፡፡

መስመሩ ሲቋረጥና ባለቤቱ ሲቆጣ

ከሁሉም በላይ የእኛን ሁኔታ የሚመለከተው አንድ ነገር አለ፡፡ ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተቋርጦ ለሦስት ሳምንታት ያህል ቆይቷል፡፡ ትግራይ ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ በጦርነቱ ዘመን፣ አማራ ክልል ደግሞ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ለረዥም ጊዜ ግንኙነት ተቋርጦባቸዋል፡፡ በእንዲህ ያለው ጊዜ በውጭ አገር ሰርቨር ላይ ያለ ድረ ገጽ ለባለቤቱም የማይደረስበት ይሆናል፡፡ ሙሉ ማኅደሩን ከነታሪኩ በላፕቶፑ የያዘ ሠራተኛ ግን መጻፉን፣ ማረሙን፣ መመዝገቡን ሊቀጥል ይችላል፡፡ ከሥራ ባልደረባው ጋር በፍላሽ ተለዋውጦ ማዋሐድም ይችላል፡፡ መስመሩ ሲከፈት የሁሉም ሥራ ይገናኛል፡፡ ጊት እንዲህ ሆኖ የተሠራው ለኢትዮጵያ ታስቦ አይደለም፤ የጠቀመን ግን ከሲሊከን ቫሊ ነዋሪ ይበልጥ ነው፡፡

ይሁን እንጂ አንድ የተለመደ ስህተት እዚህ ላይ መነሣት አለበት፡፡ ጊትና ጊትሀብ አንድ አይደሉም፡፡ ጊት ማንም በነፃ የሚጠቀምበት ፕሮግራም ነው፡፡ ጊትሀብ ግን ማኅደሮችን የሚያስተናግድ የአሜሪካ ኩባንያ ነው፤ ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2018 በ7.5 ቢሊዮን ዶላር ገዝቶታል፡፡ በ2019 ጊትሀብ የአሜሪካን ማዕቀብ ለማክበር ሲል በኢራን፣ በሶሪያና በክራይሚያ ያሉ ተጠቃሚዎችን አገልግሎት ገደበ፡፡ ለኢራን ገደቡ የተነሣው ኩባንያው ከአሜሪካ መንግሥት ፈቃድ ባገኘበት በጃንዋሪ 2021 ነው፡፡ በእኛም ላይ በሴፕቴምበር 2021 በሰሜኑ ጦርነት ምክንያት የማዕቀብ ትዕዛዝ ተፈርሞ እንደነበር ይታወሳል፡፡ ያ ትዕዛዝ ያነጣጠረው በተወሰኑ ሰዎችና ተቋማት ላይ እንጂ በአገሪቱ ሁሉ ላይ አልነበረም፤ ስለዚህ የኢራን ዕጣ አልደረሰብንም፡፡ ሊደርስ እንደሚችል ማሰብ ግን ጥርጣሬ ማብዛት አይደለም፡፡ ጀርመን ለመንግሥት መሥሪያ ቤቶቿ በራሷ ያቋቋመችው የጋራ ማኅደር ከዚህ ዓይነት ስሌት የራቀ አይመስለኝም፡፡ ለእኛ የሚያዋጣው አንዱን ቅጂ በአገር ውስጥ የመረጃ ማዕከል፣ ሌላውን በውጭ፣ ሦስተኛውን ደግሞ በዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ማኖር ነው፡፡ ቴክኒኩ ከሦስት ትዕዛዝ አያልፍም፡፡

የሚያስፈራቸው ምንድን ነው?

ባለሥልጣናት እንዲህ ያለውን ማኅደር የማይወዱበት ምክንያት አላቸው፤ ሁሉም ክፉ ምክንያት አይደለም፡፡ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2013 የአሜሪካ የጤና መድኅን ድረ ገጽ ተከፍቶ ወዲያው ሲንኮታኮት፣ የይዘት ገጾቹ ያሉበት ማኅደር ለሕዝብ ክፍት ነበር፡፡ የይዘት ገጾቹ በሚገባ ይሠሩ ነበር፤ የተበላሸው በሌሎች ተቋራጮች የተሠራው የምዝገባ ክፍል ነው፡፡ የተቆጣው ሕዝብ ግን በር ክፍት ሆኖ ያገኘው እዚህ ነበርና ቅሬታውን ሁሉ እዚያ አራገፈው፡፡ መሥሪያ ቤቱም ማኅደሩን አነሣው፡፡ ክፍት የሆነው ክፍል የተዘጋውን ክፍል ጥፋት ተሸከመ፡፡ በየትኛውም ቢሮ ያለ ትጉህ ሠራተኛ ይህን ዓይነት ፍርድ ያውቀዋል፡፡

ሌላው ፍርሃት ታሪኩ ነው፡፡ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የተለጠፈ መመሪያ ነቅሎ ሌላ መለጠፍ ይቻላል፡፡ በጋራ ማኅደር ግን ትናንት ምን ተብሎ እንደነበር፣ ማን እንደለወጠው፣ በስንት ሰዓት እንደለወጠው ይቀራል፡፡ የኮንዶሚኒየም ዕጣ መመሪያም ይሁን የፈተና መቁረጫ ነጥብ፣ «ከመጀመሪያውም እንዲህ ነበር» ማለት አይቻልም፡፡ አዋጅ ቁጥር 590/2000 መንግሥታዊ አካላት መረጃቸውን ሳይጠየቁም እንዲያሳትሙ ያስገድዳል፡፡ የታተመው መረጃ በምን መልክ፣ ከነምን ታሪኩ ይቀመጥ የሚለው ግን ለየመሥሪያ ቤቱ ፈቃድ የተተወ ነው፡፡

የሚጠየቀው ለውጥ ከሚታሰበው ያነሰ ነው፡፡ አዲስ ድረ ገጽ ለማሠራት ጨረታ በሚወጣበት ጊዜ በውሉ ላይ ሦስት መስመር መጨመር በቂ ነው፤ ይዘቱ ሁሉ በተራ የጽሑፍ ፋይል ከነሙሉ ታሪኩ ለአሠሪው መሥሪያ ቤት ይተላለፋል፣ የፋይሎቹ ስምና አቀማመጥ በጽሑፍ መመሪያ ይገለጻል፣ የመጨረሻው ክፍያ የሚፈጸመው መሥሪያ ቤቱ በራሱ ሠራተኛ ድረ ገጹን ከማኅደሩ እንደገና አትሞ ማሳየት ሲችል ነው፡፡ የግዥ ኃላፊዎች ሦስተኛውን መስመር አይወዱትም፤ ተቋራጮችም እንዲሁ፡፡